ከደጃፍ ላይ ጫማ የሚወለቅበት አገር



ከአንዲት እናት አጭር ደብዳቤ ደርሶናል። ልጃቸው በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ጃፓን ሊሄድ ጓዙን እያሰናዳ ነው። «ጎረቤቶቼ የጣዖት አገር ነው እያሉ ያስፈራሩኛል። ልጄ ምን ይበላል? የት ይሰግዳል? ሰዎቹስ እንዴት ያሉ ናቸው?» ይላሉ። ልጁም ከእናቱ ደብዳቤ ግርጌ በራሱ እጅ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ጨምሯል፤ «ጥንታዊ የአምልኮ ቤቶቻቸውን ገብቼ ባይ ወንጀል ይሆንብኛል?»

ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም፤ እሱን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። እኛ አስተማሪዎች ነን። ካነበብነውና እዚያ ኖረው ከተመለሱ ወንድሞችና እኅቶች ካገኘነው አንድን አገር ማስተዋወቅ ግን እንችላለን። ለልጁም፣ ነገ በሥራ ወይም በጉብኝት ለሚሄዱ ሌሎችም ይጠቅማል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከበሩ እንጀምር። የጃፓን ቤት መግቢያ ከቤቱ ወለል ዝቅ ያለች ትንሽ ቦታ አለችው፤ ጌንካን ይሏታል። እንግዳ ጫማውን እዚያ አውልቆ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ አስቀምጦ ይገባል። ከውስጥ ነጠላ ጫማ ይሰጡታል። ታታሚ የሚባለው የተነጠፈ ሰሌን ላይ ሲደርስ ግን ነጠላ ጫማውንም ያወልቃል። ለመጸዳጃ ቤት ሌላ ነጠላ ጫማ አለ፤ እሱን እንዳጠለቀ ሳሎን የሚገባ እንግዳ የቤቱን ሰዎች በሆዳቸው ያስቃቸዋል። ከመስጊድ ደጃፍ ጫማውን ሲያወልቅ ላደገ ልጅ ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። የተቀደደ ካልሲ ግን ያሳፍራልና እናቱ ከወዲሁ ደህና ደህናውን ይግዙለት።

ሰላምታቸው ጎንበስ ማለት ነው። መጨባበጥ በመካከላቸው ብዙም የተለመደ ስላልሆነ ባዕድ ሴት ላለመጨበጥ የሚጠነቀቅ ወጣት ማንንም ሳያስቀይም ያልፋል። ከእንግዳም ጥልቅ ጉንበሳ አይጠብቁም፤ በአክብሮት ራስን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ዕቃ በሁለት እጅ ይሰጣሉ፣ በሁለት እጅ ይቀበላሉ። በባቡር ውስጥ ድምፅን ከፍ አድርጎ ስልክ ማውራት ነውር ነው። በምግብ ቤት ጉርሻ መስጠት ልማዳቸው ስላልሆነ ገንዘቡን ትቶ የወጣ ደንበኛ «ረስተኸዋል» ተብሎ ከኋላው ሊሮጥለት ይችላል።

እንደ አስተማሪ ልባችንን የሚስበው ደግሞ ፊደላቸው ነው። ሂራጋና የሚባለው ፊደላቸው 46 መሠረታዊ ሆሄያት አሉት። እንደ እኛው ፊደል አንዱ ሆሄ ከነአናባቢው አንድ ድምፅ ነው፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ይሄዳል። ልዩነቱ፣ የእኛ «ካ» እና «ኪ» የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው በመልካቸው ሲያስታውቅ የእነሱ አይመሳሰሉም። ሁለተኛው ካታካና ነው። ከውጭ የመጡ ቃላትና የውጭ አገር ስሞች የሚጻፉት በእሱ ስለሆነ የአገራችን ስም እዚያ «ኤቺኦፒያ» ተብሎ ይነበባል። ሦስተኛው ከቻይና የመጣው ካንጂ ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት ትርጉም የሚሸከምበት ነውና ለዕለት ንባብ የተመደቡት ብቻ 2,136 ናቸው። ሦስቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተደባልቀው ይጻፋሉ። አሊፍ ባን ከኡስታዙ፣ ሀ ሁን ከአስተማሪው፣ ኤ ቢ ሲ ዲን ደግሞ ከእንግሊዝኛ ክፍል የቆጠረ ልጃችን ከሦስት ፊደል ጋር መኖርን ለምዷልና በዚህ በኩል አንሰጋለትም።

በትምህርት ቤቶቻቸው ተማሪዎቹ ራሳቸው ክፍላቸውንና ኮሪደሩን ይጠርጋሉ፣ ይወለውላሉ። በአንደኛ ደረጃ ምሳ የሚያድሉትም ተረኛ ልጆች ናቸው፤ ነጭ ሽርጥ አገልድመው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ለጓደኞቻቸው ይጨልፋሉ። ይህን ለተማሪዎቻችን ስንነግራቸው የሳቁ ነበሩ። ከሳቁት አንዱ በማግስቱ ሰሌዳውን ሳይታዘዝ ሲያጠፋ አየነው።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ፤ የእናቲቱ ጭንቀት ያለው እዚህ ነውና። «ዓሣና ሩዝ ነው፣ ምን ችግር አለው?» የሚሉ አሉ። ችግሩ የሚታየው ላይ ሳይሆን የማይታየው ላይ ነው። ሚሪን የሚባል ከሩዝ የሚሠራ ጣፋጭ ፈሳሽ በብዙ ወጦች ውስጥ ይጨመራል፤ አልኮል ነው። ሳኬ የሚሉት መጠጣቸውም ለማብሰያነት ይውላል። የአኩሪ አተር ሶሳቸው ሲብላላ በተፈጥሮው ጥቂት አልኮል ይፈጥራል፤ ስለ እሱ ዑለማዎችን መጠየቅ ይሻላል። ራመን የሚባለው የኑድል ሾርባ ብዙ ጊዜ ከአሳማ አጥንት ይፈላል። አትክልት ብቻ የሚመስል ሳህን እንኳ የሥጋ መረቅ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ልጁ ከሁሉ በፊት አንድ የካንጂ ምልክት እንዲያጠና እንመክረዋለን፤ «ቡታ» ተብሎ የሚነበበውን፣ አሳማ ማለት የሆነውን። ያንን ከዕቃው ጀርባ ላይ መለየት ከቻለ ከጭንቀቱ ግማሹ ይቀልለታል። በትልልቅ ከተሞች የሐላል ሱቆችና ምግብ ቤቶች አሉ፤ የሐላል ምግብ የሚያቀርቡ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ።

ከመብላታቸው በፊት «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ በትሕትና እቀበላለሁ እንደ ማለት ነው። ልጃችን ቢስሚላሂን ብሎ አብሯቸው ማዕድ ሊጀምር ይችላል። በቀጫጭን እንጨቶች ይበላሉ። እነዚያን እንጨቶች ሩዝ ላይ አቁሞ መትከል ለሙታን የሚደረግ ነውና ገበታ ላይ ያስደነግጣል። ምግብን ከእንጨት ወደ እንጨት ማቀባበልም እንዲሁ፤ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተ ዘመድ አጥንቱን የሚለቅመው በዚያ መልክ ስለሆነ ነው። የእኛን የማጉረስ ፍቅር እዚያ ማሳየት አይሆንም ማለት ነው! በተቃራኒው ኑድል ሲበሉ ፉት እያሉ ድምፅ ማሰማት እኛ ቤት የሚያስቆጣውን ያህል እነሱ ዘንድ ነውር የለውም።

የፍል ውኃ መታጠቢያዎቻቸው ዝነኞች ናቸው። ወንድና ሴት ለየብቻ ይታጠባሉ፤ ነገር ግን የሚገባው ያለ ምንም ልብስ ነው። ዐውራውን ለሚጠብቅ ሰው ይህ አይሆንም። በብዙ ማረፊያዎች ለብቻ ወይም ለቤተሰብ የሚከራይ መታጠቢያ ስላለ እሱን መጠየቅ ይቻላል።

የልጁን ጥያቄ አልረሳንም። ሁለት ዓይነት የአምልኮ ቤት አላቸው፤ የነባሩ የሺንቶ እምነትና የቡድሃ እምነት። የሺንቶው ቶሪ በተባለ፣ ሁለት ምሰሶና አግዳሚ ባለው በር ይታወቃል። ከመግቢያው አጠገብ ውኃ አለ፤ እጃቸውን ያፈሱበታል፣ አፋቸውን ይጉመጠመጡበታል። ዉዱእ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ እሱ ግን የእነሱ ሥርዓት ነው። ቀጥሎ ሳንቲም ይወረውራሉ፣ ሁለት ጊዜ ይጎነበሳሉ፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ፣ እንደገና ይጎነበሳሉ። የዕድል ወረቀትና ክታብም ይሸጣል። የጓደኛ ቡድን «ለጨዋታ ነው» ብሎ የሚገፋፋው እዚህ ላይ ነው። ጎብኚን ይህን አድርግ ብሎ የሚያስገድደው የለም፤ ያላደረገውንም ማንም አይታዘበውም። ሲጋበዝ «ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» ብሎ ፈገግ ማለት ይበቃል። መግባቱን በሚመለከት ኡስታዙን ይጠይቅ። ከእኛ የሚጠበቀው የሚያየውን አውቆ እንዲያይ መንገር ነው።

የሚታየው ደግሞ ብዙ ነው። ናራ አጠገብ ያለው ሆርዩጂ በዓለም ላይ እስካሁን ከቆሙት የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ ጥንታዊ የሆኑትን ይዟል። በጥር 1949 እሳት ተነሥቶ የዋናውን አዳራሽ የግድግዳ ሥዕሎች አጠፋ። አገሩ ደነገጠ። በዓመቱ፣ በ1950፣ የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ ወጣ። እኛን ያስገረመን ሕጉ ሕንፃን ብቻ ሳይሆን ሙያንም ቅርስ ብሎ መቁጠሩ ነው። ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ወረቀት የሚሠራው ባለሙያ የሙያው ባለቤት ተብሎ በመንግሥት ይታወቃል፤ ሕዝቡም «ሕያው የአገር ሀብት» ይለዋል፤ ሙያውን ለተተኪ እንዲያስተምር ድጋፍ ይሰጠዋል። ኢሴ የሚገኘው የሺንቶ ቤት ደግሞ በየ20 ዓመቱ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ እንዳለ በአዲስ እንጨት ይሠራል፤ አሮጌው ይፈርሳል። በ2013 የተሠራው 62ኛው ነበር። እንጨቱ አዲስ ነው፤ አሮጌው የአናጢው እጅ ነው። የዛሬ 20 ዓመት እንጨት ያቀበለ ልጅ ዛሬ መሪ አናጢ ሆኖ ይቆማል ማለት ነው። ስለ እምነታቸው የምንለው ሌላ ሆኖ ይህን አሠራር ሳያደንቁ ማለፍ ግን ንፉግነት ይመስለናል።

ሙስሊሞችስ? የኮቤ መስጊድ በ1935 ተሠራ፤ በአገሩ የመጀመሪያው ነው። ከተማዋ በ1945 በቦምብ ስትጋይም፣ በጥር 1995 የመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስም መስጊዱ ቆሞ ቀርቷል፤ አልሐምዱሊላህ። የቶኪዮው በ1938 ተከፈተ። የመሠረቱት ከሩሲያ የተሰደዱ ታታሮች ሲሆኑ የመጀመሪያ ኢማሙ ዐብዱረሺድ ኢብራሂም ነበሩ፤ በ1944 እዚያው ቶኪዮ አረፉ። አሮጌው ሕንፃ በ1986 ፈርሶ አሁን ያለው በ2000 በኦቶማን ስልት ተሠርቷል። ከዚያም በፊት በ1890 ኤርቱግሩል የተባለች የቱርክ መርከብ በኩሺሞቶ ዳርቻ ከዓለት ጋር ተላትማ ከ500 በላይ ሰዎች አለቁ። የተረፉትን 69 ሰዎች ድሃ ዓሣ አጥማጆች ከባሕር አውጥተው ካላቸው አካፈሏቸው። የጃፓን መርከቦችም እስከ ኢስታንቡል አደረሷቸው።

የእኛም አገር ከእነሱ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ስለ አገሩ መጽሐፍ ጽፈዋል። የዚያው ዓመት ሕገ መንግሥታችንም ከጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። አበበ ቢቂላ ደግሞ በጥቅምት 1964 ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በቶኪዮ ማራቶን አሸነፈ። ልጃችን ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ያንን ስም ቢያነሣ ፊታቸው የሚፈካ ሽማግሌዎች ያገኛል።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ከዚያ የሚመለሱ አንዳንድ ወጣቶቻችን «ሙስሊሙ እዚህ፣ እስልምናው እዚያ» እያሉ አባቶቻቸውን ሲዘልፉ እንሰማለን። ንጽሕናቸውና ሰዓት አክባሪነታቸው እውነት ነው። በሥራ ብዛት ለሚሞት ሰው የተለየ ቃል ያላቸውም እነሱው ናቸው፤ ካሮሺ ይሉታል። ብቻቸውን ኖረው ብቻቸውን ለሚሞቱ፣ ጎረቤት ከስንት ቀን በኋላ ለሚያገኛቸው ሽማግሌዎችም ሌላ ቃል አላቸው። ጀናዛ ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ በሚወጣበት አገር ላደገ ልጅ ይህ ይከብዳል። አስከሬን ማቃጠል የአገሩ ልማድ በመሆኑ እዚያ የሚኖሩ ሙስሊሞች የቀብር ቦታ ለማግኘት ይቸገራሉ።

ወደ እናታችን ደብዳቤ እንመለስ። ልጅዎ የሚሰግድበት አያጣም፤ መስጊድ ቢርቀው የዩኒቨርሲቲው ሙስሊም ተማሪዎች የተከራዩት ክፍል ይኖራል፤ ያም ባይኖር ባዶ ክፍል በትሕትና ቢጠይቅ እምብዛም አይከለክሉትም። ሰዓቱ ግን ያስቸግረዋል። በሰኔ ፀሐይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች፤ ሱብሒ ከዚያ አስቀድሞ ነው። በታኅሣሥ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ ዐስርና መግሪብ በትምህርት ሰዓት መካከል ይወድቁበታል። አዲስ አበባ ላይ ወደ ሰሜን ያየው የነበረው ቂብላም ቶኪዮ ላይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰሜን ጥቂት ዘንበል ብሎ ያገኘዋል። ከካልሲው ጋር ትንሽ ኮምፓስ ይጨምሩለት። እሱም ከደረሰ በኋላ ያየውን ቢጽፍልን በዚሁ ዓምድ እናወጣለታለን፤ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።