በጨዋማ ውሃ አኳሪየም የውሃ ፍሰት በምን ይለካ? ስለ ፓምፕ ኃይልና ስለ ዓሣ ደኅንነት የቀረበ አስተያየት

መነሻ

ስለ ጨዋማ ውሃ አኳሪየም በሚዘጋጁ መመሪያዎች የውሃ ፍሰት አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው በአንድ ቁጥር ነው፤ ይኸውም ፓምፑ የገንዳውን ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚያዘዋውር የሚያሳየው ቁጥር ነው። 300 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ በሰዓት 3,000 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ቢገጠም ፍሰቱ «ዐሥር እጥፍ» ነው ይባላል። ስሌቱ ቀላል፣ ለማነጻጸርም አመቺ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚገልጸው የፓምፑን ሥራ ብቻ ነው፤ በገንዳው ውስጥ የሚኖረው ዓሣ ምን ዓይነት የውሃ ኃይል እንደሚገጥመው አያመለክትም። የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው፦ ፍሰትና ደኅንነት አንዱ ሲጨምር ሌላው የግድ የሚጎድልባቸው ተቃራኒዎች አይደሉም። ዓሣን የሚጎዳው ውሃው በተወሰኑ ቦታዎች ላይ የሚያገኘው ፍጥነት ስለሆነ ሊለካና ሊስተካከል የሚገባውም እሱው ነው።

ፍሰትን መቀነስ ለምን በቂ አይሆንም?

ዓሣ በፓምፕ መሳቢያ አፍ ላይ ተጣብቆ ሲገኝ ብዙዎች አስቀድመው የሚወስዱት እርምጃ የፓምፑን ኃይል መቀነስ ነው። እርምጃው አንዱን አደጋ ሲያርቅ ሌላውን ይጠራል። ኮራል ከተጣበቀበት ቦታ የማይነቃነቅ እንስሳ በመሆኑ ምግብና ኦክስጅን የሚያደርስለት፣ በላዩ የሚያርፈውን ዝቃጭም የሚጠርግለት የውሃው እንቅስቃሴ ነው። ለዓሣውም የሚሆነው ኦክስጅን በዋናነት የሚገባው በውሃው ገጽ በኩል ነው። ገጹ ካልተናወጠ፣ የታችኛውም ውሃ ወደ ላይ ካልወጣ የጋዝ ልውውጡ ይዳከማል።

ጉዳዩ በደጋ ከተሞች ይበልጥ ይከብዳል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና በባሕር ጠለል ከፍታ፣ ጨው የሌለበት ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል የተለመደ ጨዋማነት ያለው የባሕር ውሃ የሚይዘው ግን 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ መጠኑም አብሮ ይቀንሳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ በጨው ተዘጋጅቶ የሚሞላ የአኳሪየም ውሃ፣ በዚያው ሙቀት ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ሲሰላ በሊትር ወደ 5 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ይህም ጣሪያው ነው፤ ዓሦች፣ ኮራሎችና ባክቴሪያዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱ በውሃው ውስጥ የሚገኘው መጠን ከዚያም ያንሳል። ስለሆነም በባሕር ጠረፍ ከተሞች ያለ ጉዳት ሊደረግ የሚችል የፍሰት ቅነሳ በአዲስ አበባ ዓሣውን ለመታፈን ሊዳርገው ይችላል። መብራት ሲጠፋና ፓምፑ ሲቆም ደግሞ አደጋው በአንድ ጊዜ ይደርሳል።

አደጋው የሚገኘው የት ነው?

ከላይ የተጠቀሰው ፓምፕ የሚያሳልፈውን የውሃ መጠን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባል፦ በሰዓት 3,000 ሊትር ማለት በሰከንድ 0.83 ሊትር ገደማ ነው። ይህ ውሃ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ አፍ ሲሳብ ፍጥነቱ በሰከንድ 170 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ዓሣ ይህ በሰከንድ የሰውነቱን ርዝመት 34 እጥፍ እንደ መዋኘት ነው። ብዙዎቹ ዓሦች ለረጅም ጊዜ ጸንተው ሊዋኙበት የሚችሉት ፍጥነት ግን በሰከንድ ከጥቂት የሰውነት ርዝመቶች አይበልጥም።

በሌላ በኩል የመሳብ ኃይል ከአፉ በራቁ ቁጥር በፍጥነት ይዳከማል። ውሃው ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሳባል ተብሎ ቢሰላ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። አደገኛው ክልል እንግዲህ ከአንድ ቡጢ የሚበልጥ አይደለም። ክፍት ስፋቱ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ የወንፊት ሳጥን በአፉ ላይ ቢደረግ በወንፊቱ የሚያልፈው ውሃ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ፓምፑ የሚያዘዋውረው የውሃ መጠን ግን ብዙም አይነካም። ይህ አስተሳሰብ በትልልቅ ግንባታዎች ዘንድ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ለኃይል ማመንጫዎችና ለፋብሪካዎች የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያ ባወጣው ደንብ፣ ዓሦች በወንፊት ላይ ተጣብቀው እንዳይሞቱ ከተቀመጡት አማራጮች አንዱ በወንፊቱ የሚያልፈው ውሃ ፍጥነት በሰከንድ ከ15 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። ለወንዝና ለባሕር ዓሣ የታሰበው ጥንቃቄ ማምለጫ በሌለው ገንዳ ውስጥ ለሚኖር ዓሣ ሊነፈግ አይገባም።

የፓምፑ መውጫ የተለየ ጠባይ አለው። ከጠባብ አፍ የሚወነጨፍ ውሃ እንደ መሳቢያው ቶሎ አይዳከምም፤ ገንዳውን አቋርጦ ሊሄድ ይችላል። የሚያስከትለው ጉዳትም ድንገተኛ ሞት ሳይሆን ድካም ነው። ቀጥ ብሎ የሚዋኘውና በጅራቱ ተጠምጥሞ የሚያርፈው የባሕር ፈረስ እንዲህ ባለው ጅረት ምግቡን እንኳ መያዝ ይሳነዋል። በማዕበል በሚመታ ሪፍ ላይ የሚኖሩት ሰርጀንፊሾች ግን ይመቻቸዋል። ብዙ ውሃን በዝግታ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተው ይህ ተቋም 8.5 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገንዳው ውስጥ ኬልፕ የተባለውን ረጅም የባሕር አረም የሚያኖረው፣ ውሃውን እንደ ማዕበል ወዲያና ወዲህ በሚያወዛውዝ መሣሪያ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ጤነኛ ዓሣ በፓምፕ አይሳብም፤ ተጣብቆ የሚገኘውም አስቀድሞ የታመመ ወይም የሞተ ነው የሚል ነው። አባባሉ በከፊል እውነት ነው፤ ተጣብቆ መገኘት ብቻውን የሞቱን ምክንያት አያረጋግጥም። ነገር ግን ጫጩት ዓሣ፣ ከጉዞ ደክሞ የገባ ዓሣ እንዲሁም ሌሊት ያረፈ ዓሣ ጤነኛ ሆኖም መሸሽ ሊያቅተው ይችላል። ከቦታ ቦታ የሚሄደው ሲ አኔሞን በፓምፕ ተቆራርጦ የገንዳውን ውሃ በሙሉ ሊበክል መቻሉም ሊዘነጋ አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ መከለያ ይደፈናል የሚል ሲሆን ይህኛው ይበልጥ ክብደት አለው። በመሳቢያ አፍ ላይ የሚጠቀለል ስፖንጅ በቆሻሻ ሲሞላ ፍሰቱን ያንቃል፤ የተጠራቀመውም ቆሻሻ እየበሰበሰ ውሃውን ያበላሻል። ከዚህም በላይ የወንፊቱ ግማሽ ከተደፈነ በቀረው ቀዳዳ የሚያልፈው ውሃ ፍጥነት እጥፍ ስለሚሆን መከለያው ራሱ አደጋ ይሆናል። ትክክለኛው መደምደሚያ ግን መከለያውን መተው ሳይሆን ሰፊ፣ ቀዳዳው ከዓሣው የጠበበ፣ ለማጠብ የሚቀል ወንፊት መምረጥና የጽዳት ቀን መወሰን ነው።

ለምርምር ያለው ትርጉም

ጉዳዩ ከእንስሳት ደኅንነት አልፎ የምርምር ውጤትን ተአማኒነት ይነካል። ጄ. አር. ብሬት እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣት ሶክአይ ሳልሞን ላይ ባሳተሙት ጥናት ዓሣ የሚዋኝበት ፍጥነት ሲጨምር የኦክስጅን ፍጆታው እንዴት እንደሚያድግ አሳይተዋል። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፦ ሁለት ገንዳዎች እኩል «ዐሥር እጥፍ» ፍሰት ቢኖራቸውም በአንደኛው ዓሣው መጠለያ ካጣ የሚበላውን ምግብ ለመዋኘት ያውለዋል። ተመራማሪው በመኖ ወይም በሙቀት ምክንያት የመጣ የመሰለው የዕድገት ልዩነት ከፓምፑ አቀማመጥ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጨዋማ ውሃ ገንዳን የሚጠቀም ጥናት በሥነ ዘዴው ክፍል ቢያንስ አራት ነገሮችን ቢያሰፍር ተገቢ ነው፦ በመሳቢያው ወንፊት ላይ ያለውን የውሃ ፍጥነት፣ ዓሣው በሚያርፍበት ቦታ ያለውን ፍጥነት ከዓሣው የሰውነት ርዝመት ጋር በማነጻጸር፣ ንጋት ላይ የተለካውን የኦክስጅን መጠን፣ እንዲሁም ገንዳው የሚገኝበትን ከፍታ። የመጀመሪያው የፓምፑን ፍሰት በወንፊቱ ክፍት ስፋት በማካፈል ይገኛል፤ ለሁለተኛው በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ነገር፣ ማስመሪያና የሰዓት ቆጣሪ ለመነሻ ግምት ይበቃሉ። ውድ መሣሪያ የሌለው ቤተ ሙከራም ቢሆን ይህን ከማድረግ የሚያግደው ምክንያት የለም።