ለምን አልተመለሰችም?

በዚህ ወር ስለ ላስታ ደጋ ባለትዳሮች ላወጋችሁ እወዳለሁ። ከላሊበላ ዙሪያ ገጠር አንዲት እህት በፊስቱላ ታማ፣ በጋሸና አድርጋ ባሕር ዳር ወዳለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ስትላክ ባሏ የሚሰማው ቀዶ ጥገናው በአንድ ቀን እንደሚያልቅ ነው። ሳምንት ያልፋል፤ ወር ይሞላል። ጎረቤት ይጠይቃል፤ አማት ታጉረመርማለች፤ አንዳንዴም፣ ጌታ ይቅር ይበለንና፣ ከጸሎት ወገኖች መካከል «እምነት ቢኖራት ይህን ያህል ባልቆየች» የሚል አይጠፋም።

ወንድሜ ሆይ፣ እውነቱን ስማ። ምጥ ለቀናት ሲጠና የሕፃኑ ራስ በወሊድ መንገዱና በሽንት ፊኛው መካከል ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ይከለክለዋል። ያ ሥጋ ሞቶ ይቀደዳል፤ ሽንትም ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እናቲቱ ሽንቱ እንዲቀንስላት ብላ ምግብና ውኃ ትተዋለች፤ ከሰው ተሸሽጋ ተኮራምታ ስለምትተኛ እግሯ አልዘረጋ ይላል። እንዲህ ሆና የደረሰችን ሴት ሐኪም በማግሥቱ ቀዶ ጥገና አያደርግላትም። መጀመሪያ መብላት፣ ደሟ መመለስ፣ በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ቆማ መራመድ አለባት። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ስፌቱ እስኪጠና ድረስ ፊኛው እንዳይሞላ ሁለት ሳምንት ያህል ቱቦ ይደረግላታል። «ሥራ በዝቷልና ቶሎ ነይ» ብሎ መላክ እንግዲህ ስፌቱን መቅደድ ነው!

ከአንድ ጊዜ በላይ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልጋቸውም አሉ። ማሚቱ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1962 ገና ልጅ ሳለች ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ወደሚሠሩበት የአዲስ አበባው ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጣች። ደጋግመው ቢያክሟትም ፈጽማ አልዳነችም፤ ስለዚህ እዚያው ቆየች። አልጋ ከማንጠፍ ጀምራ መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያም ራሷ ቀዶ ጥገና ማድረግ ተማረች። ፊደል ያልቆጠረችው ሴት እ.ኤ.አ. በ1989 ከሐምሊኖቹ ጋር የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመች። ፈጽመው ላልዳኑ እህቶችም በአዲስ አበባ ዳርቻ ደስታ መንደር ተሠርቶላቸዋል።

ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት አሥራ ሁለት ዓመት ታማለች። ጌታችን ስለ ዓመቶቹ ብዛት አልገሠጻትም፤ ልጅ ብሎ ጠራት እንጂ። እኛ ከየት አምጥተን እንገሥጻለን?

አንዳንዷ ግን ድና ሳለ የምትዘገየው የምትመለስበት ቤት ስለሌላት ነው። ባሏ ሌላ አግብቷል፤ ወይም መልእክት እንኳ አልላከም። ይህን ሐኪም አይሰፋውም። ወንድሞች፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ሄዳችሁ ጠይቋት፤ ሕክምናው በነፃ ነው፤ የጎደለው የእናንተ ፊት ነው። ሽማግሌዎችም ለአውቶቡስ መሳፈሪያው ከምጽዋት ሣጥኑ ብታወጡ መልካም ነው።

ስትመለስም ቢያንስ ሦስት ወር ከመኝታ መታቀብ እንዳለባችሁ ሐኪሙ ይነግራችኋል፤ ለባልም ለሚስትም ነውና አብራችሁ ስሙ። ከዚያ በኋላ ብታረግዝ በቤት አትውለድ፤ በቀዶ ሕክምና በሆስፒታል ነው የምትወልደው። ቀኗ ሳይደርስ፣ ገደሉን በቃሬዛ ማውረድ ሳያስፈልግ፣ ሆስፒታል አጠገብ ወዳለ የእናቶች ማቆያ ውሰዷት። ሽሮና በርበሬውንም አስቀድማችሁ አዘጋጁላት።