ጥሎሽ ዳውሪ አይደለም፤ ታዲያ ምንድን ነው?

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ቁጭ ብለን በአማርኛ የተተረጎመ የሕንድ ድራማ እናያለን። የሙሽራዋ አባት መሬቱን ሸጦ ለወንዱ ቤተሰብ ገንዘብና ሞተር ሳይክል ይሰጣል። እነሱ ግን «ጥሎሹ አነሰ» ብለው ልጅቷን መከራ ያሳዩአታል። እማዬ የቡና ሲኒዋን አስቀምጣ «እንዴ! ጥሎሽ የሚጥለው የሷ ቤተሰብ ነው እንዴ?» አለች።

ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ውስጥ «ዳውሪ» ለሚለው ያገኘውን ቃል ነው ያስቀመጠው። አልፈርድበትም። ግን የገንዘቡ አቅጣጫ ተገለበጠ። ዳውሪ ከሴቷ ወገን ወደ ወንዱ ይሄዳል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 በሕግ ከልክላዋለች፤ እንዲያም ሆኖ በ2022 ብቻ ከዳውሪ ጋር በተያያዘ የሞቱት ሴቶች በሀገሪቱ የወንጀል መዝገብ ከ6 ሺህ በላይ ናቸው። ኬንያዊው ደግሞ በእንግሊዝኛ «ዳውሪ» ሲል ወንዱ ለልጅቷ ወላጆች የሚሰጠውን ከብትና ገንዘብ ማለቱ ነው። እኛ ሀገርም የኦሮሞው ገበራ የሚሄደው ወደ ልጅቷ ቤተሰብ ነው። የእኛ የከተማው ጥሎሽ ከወንዱ ወገን ይነሳና ሙሽሪት ራሷ ጋ ያርፋል፤ ቢያንስ ያርፋል ይባላል።

ኢኮኖሚክስ ተምሬ የቀረችኝ አንድ ልማድ ብትኖር ይቺ ናት፦ የትኛውም ክፍያ ሲያጋጥመኝ ስሙን ትቼ ማን ከፈለ፣ መጨረሻ ላይ ማን እጅ ገባ ብዬ መጠየቅ።

ለነገሩ አማርኛችን በዚህ በኩል ድሃ አይደለም። «እጅ መንሻ» ድሮ ትልቅ ሰው ፊት ባዶ እጅ ላለመቅረብ የሚያዝ ነገር ነበር፤ ዛሬ ቢሮ በር ላይ ሲነሳ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «ጉርሻ» ከእናትህ እጅ አፍህ ውስጥ የሚገባው ነው፤ አስተናጋጁ ኪስ የሚገባውም ጉርሻ ነው። ሽንኩርት ሻጯ የምትጨምርልህ «ምራቂ» አለ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን «ብድር» ነው። የሰው ሠርግ ላይ ሲረዳ የዋለ ሰው «ብድር መላሽ ያድርገን» ይባላል፤ ከባንክ የምንወስደውም ብድር ነው። ማርሴል ሞስ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1925 ስጦታ መልስ የሚጠብቅ ዕዳ መሆኑን ለማስረዳት ረጅም ጽሑፍ ጽፏል። አያቶቻችን በአንድ ቃል ጨርሰውታል።

ጋብቻ ላይ ስንመጣ «ማጫ» አለ፤ «አጨ» ከሚለው የወጣ፣ የ«እጮኛ» ዘመድ። እንደየአካባቢው ትርጉሙ ይለያያል። «ጎጆ መውጫ» ግን ለምን እንደሚሰጥ ስሙ ራሱ ይናገራል፦ በሬ፣ ጊደር፣ ዘር፣ ከተቻለም መሬት። ችግሩ እሱም እኩል አይደለም። ማርሴል ፋፍሻምፕና አግነስ ኪሱምቢንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ከኢትዮጵያ ገጠር የተሰበሰበ መረጃ ተንትነው ነበር። ወንዱ ወደ ትዳር ይዞት የሚገባው ሀብት ሴቷ ከምታመጣው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሬውም መሬቱም በሱ በኩል ከመጣ፣ «የኔ» የምትለው ነገር ለሴቷ ምን ያህል ትርጉም እንዳለው አስቡት። የጥሎሽ ወርቅ ቁም ነገር መሆን የነበረበት እዚህ ላይ ነው።

አሁን የምናደርገውን ደግሞ እዩ። ባለፈው ጥር የጓደኛዬ ሚዜ ነበርኩ። ሻንጣውን ተሸክሜ ሙሽሪት ቤት የገባሁት እኔ ነኝ። ዕቃው አንድ በአንድ ከፍ እየተደረገ ይታያል፦ ቬሎው፣ የሀበሻ ቀሚሱ፣ ሦስት ጫማ፣ ሽቶ። በየመሀሉ እልልታ። ወርቁ ሲወጣ አንዲት የሙሽሪት አክስት «ስንት ካራት ነው?» አሉ። ከጓዳ በኩል «ይጨመር!» የሚል ድምፅ መጣ፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቀልድ ነው። ጓደኛዬ ግን አልሳቀም። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የወርቅ ዋጋ የት እንደደረሰ የገዛ ያውቀዋል። የዕቁብ ዕጣ ለምኖ ቀድሞ ወስዶ ነው የገዛው። ሁለተኛው የአንገት ሐብል ደግሞ የእህቱ ነበር፤ ከሠርጉ ማግስት ተመልሷል። ለዚህም አማርኛ ቃል አለው፤ «ውሰት» ይባላል። ቬሎውም የኪራይ ነው።

ጆኤል ዋልድፎገል የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ገና ስጦታ በጻፈው ጥናት፣ ተቀባዩ ለስጦታው የሚሰጠው ዋጋ ከወጣበት ገንዘብ ከአሥር እስከ ሠላሳ ሦስት በመቶ እንደሚያንስ ገምቷል። ሰውዬው የእኛን ሦስተኛ ጫማ አላየም።

ሰው ፊት ለማሳየት የተዋስነውን «ስጦታ» እያልን፣ በእውነት የተሰጣትን ደግሞ የሷ መሆኑን ሳናረጋግጥ እንበተናለን። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 57፣ ተጋቢዎች በጋብቻቸው ቀን የነበራቸው ንብረት የግል ሆኖ እንደሚቀር ይናገራል። ስለዚህ ከሠርጉ በፊት የተሰጣት ወርቅ የሷ ነው። ወረድ ብሎ ግን አንቀጽ 63 አለ፦ የግሌ ነው የሚል ሰው ካላስረዳ ንብረት ሁሉ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ደረሰኙ ያለው ማን ጋ ነው? በማን ስም ነው? ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ቆማ «አክስቴ ካራቱን ጠይቀው ነበር» ልትል ነው?

እንግዳ ያመጣትን 500 ብር በስም በስሙ ደብተር ላይ የምንመዘግብ ሰዎች ነን፤ ነገ ብድር መመለስ ስላለ። የሙሽሪትን ወርቅ ግን አንመዘግብም። ያው ዕቃው ሲታይ አንድ ሰው ግራሙን ቢጽፍ፣ ሽማግሌዎቹና ሁለቱ ቢፈርሙበት ምን ይጎድላል? ሕጉም ተጋቢዎች ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት ስለ ንብረታቸው ውል እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። «ፍቅር በወረቀት ሆነ?» የሚሉ አይጠፉም። ሰማንያ ስንፈርም ማንም እንዲህ አላለንም።

ከተጻፈ ደግሞ ውሰቱ ይቀራል፤ የእህቱን ሐብል «የሷ ነው» ብሎ የሚፈርም ወንድ የለም። በዕቁብ ገንዘብ ሁለተኛ ሐብል ከመግዛትም ፍሪጅና አልጋ ገዝቶ በስሙ «ጎጆ መውጫ» ማለት ይሻላል። የሙሽሪት ቤተሰቦች ይህን ቀድመው ቢሉት ደግሞ ወንዱ ደፍሮ ከሚለው ይቀላል።

ይህን ሁሉ ለእማዬ በማስታወቂያው ሰዓት ነገርኳት። «ያንቺስ የጥሎሽ ወርቅ የት ደረሰ?» አልኳት።

«አባትህ ታክሲዋን ሲገዛ ተሸጠ።»

«ታክሲዋ በማን ስም ነበረች?»

«በሱ ነዋ!» አለች፤ ድራማው ስለጀመረ ድምፁን ጨመረችው።