ስም ያለው አሰልጣኝ ወይስ ቤቱን የሚያውቅ?

ጨዋታ ባለበት ማታ ሳሎኑ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ገህዋው ይቀርባል፣ ቴምሩ ይደረደራል፣ ሻዩ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳል። ቡድናቸው ሲመራ ትሪ ይዛችሁ ብትገቡ ዞር ብሎ የሚያያችሁ የለም። ሲሸነፍ ግን አንድ ቃል ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል፤ «ሙደሪብ!» አጥቂው ቢስት ሙደሪብ፣ በረኛው ቢሳሳት ሙደሪብ፣ ዳኛው ቢያጠፋም ሙደሪብ። ፊንጃሉን ልትሰበስቡ ስትገቡ አሰልጣኙ ገና አልተባረረም፤ አጥባችሁ ስትመለሱ ሳሎኑ አባርሮት አዲስ እየመረጠ ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ምርጫ ነው። ኳስ የማትወዱ እህቶችም አትለፉኝ። እኔ የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው፣ ዩኒቨርሲቲም የተማርኩት ዓረብኛ ነው። የስፖርት ገጽ ማንበብ የጀመርኩት ለቋንቋው ብዬ ነበር። ቆይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ስለ አሰልጣኝ ቅጥርና ስንብት የሚጻፉት ቃላት እናንተ ፈርማችሁ በመጣችሁበት ውል ላይ ካሉት ቃላት ጋር አንድ መሆናቸው ነው። ሰው ከሩቅ አገር ተመርጦ፣ ውል ፈርሞ፣ የማያውቀው ቤት ገብቶ ወዲያው ውጤት ሲጠየቅ ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱትን ቀን ላንሳ። (ቀኖቹን እዚህ እንደለመድነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኖቬምበር 22 ቀን 2022፣ ኳታር፣ ሉሳይል ስታዲየም፤ ሳዑዲ አረቢያ ሜሲ ያለበትን የአርጀንቲና ቡድን 2 ለ 1 አሸነፈች። በማግስቱ በንጉሡ ትእዛዝ የመንግሥትም የግልም ሠራተኛ፣ ተማሪውም እረፍት ወጣ። ለእናንተ ግን ቀኑ የእንግዳ ቀን ነበር። አንዲት እህት «እነሱ አርጀንቲናን አሸነፉ፣ እኔን ሰሃኑ አሸነፈኝ» ብላኛለች።

የዚያ ቀን አሰልጣኝ ፈረንሳዊው ኤርቬ ሬናር ነበር። በነጭ ሸሚዙ የሚታወቀው ሰውዬ። እኛ ኢትዮጵያውያን ከዚያ በፊትም እናውቀዋለን፤ ወይም ልናውቀው ይገባል። ጃንዋሪ 21 ቀን 2013 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ከሬናር ዛምቢያ ጋር ነው። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ሳላዲን ሰኢድ የመታው ፍፁም ቅጣት ምት ተያዘ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ጎል ገባብን፤ በ10 ሰው ስንጫወት አዳነ ግርማ አስቆጠረና 1 ለ 1 ወጣን። ያን ምሽት የት እንደነበርኩ ዛሬም አልረሳውም። እናንተም የማትረሱ አላችሁ።

ሬናር በ2012 ዛምቢያን፣ በ2015 ደግሞ አይቮሪ ኮስትን የአፍሪካ ሻምፒዮን አድርጓል። በተለይ ዛምቢያ ትልልቅ ስም ያላቸው ተጫዋቾች አልነበሯትም። ሳዑዲን በ2019 ተረከበ፣ ሦስት ዓመት ከተጫዋቾቹ ጋር ኖረ፣ ከዚያ ነው አርጀንቲና የመጣው። በዚያ ጨዋታ እረፍት ላይ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሲቆጣ የተቀረጸውን ቪዲዮ ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ሜሲን ዝም ብላችሁ የምታዩት ከሆነ ስልካችሁን ይዛችሁ ፎቶ ተነሱ እንጂ እያለ ተጫዋቾቹን ይነካካል። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው አስተርጓሚው ላይ ነበር። ሬናር ሲጮህ ይጮሃል፣ እጁን ሲያወናጭፍ ያወናጭፋል። በአሥራ አምስት ደቂቃ እረፍት ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ይነገራል፤ አስተርጓሚው ቀዝቃዛ ቢሆን ቁጣው ሁሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ይህ የሙያ ወገንተኝነቴ ነው፣ ይቅርታ።

ሬናር በማርች 2023 የፈረንሳይን የሴቶች ቡድን ሊያሠለጥን ሄደ። ፌዴሬሽኑ አዲስ ሰው መምረጥ ነበረበት፤ በኦገስት 2023 ሮቤርቶ ማንቺኒን መረጠ። ጣሊያንን በ2021 የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገ፣ ማንቸስተር ሲቲን የእንግሊዝ ሻምፒዮን ያደረገ ሰው ነው። ውሉ እስከ 2027 ነበር፣ ጋዜጦችም ከዓለም ውድ ተከፋይ አሰልጣኞች አንዱ ብለው ጻፉ። ሳሎኑ ሁሉ ደስ አለው። በወረቀት ላይ ከሬናር ይበልጣል።

ከዚያስ? ከእስያ ዋንጫ በፊት ማንቺኒ አንዳንድ ነባር ተጫዋቾች ለምን እንደቀሩ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ተናገረ፤ ተጫዋቾቹም በአደባባይ መለሱለት። ጃንዋሪ 30 ቀን 2024 ከደቡብ ኮሪያ ጋር ሳዑዲ እየመራች ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጎል ገባባት፣ ወደ መለያ ምት ተሄደ። የመጨረሻው ምት ሳይመታ ማንቺኒ ሜዳውን ትቶ ወጣ። በኋላ ያለቀ መስሎኝ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ይቅርታውን አምነዋለሁ። ተጫዋቾቹ ግን ጀርባውን አይተዋል። በኦክቶበር 2024 ጅዳ ላይ በጃፓን 2 ለ 0 ተሸነፉ፣ ከባህሬን ጋር ያለ ጎል ወጡ፤ ወሩ ሳያልቅ ተለያዩ። ከ14 ወር በኋላ ማለት ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ፌዴሬሽኑ የጠራው ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሬናርን።

ማንቺኒን ሰነፍ ነው አልልም። ጥፋቱ ያለው ምርጫው ላይ ነው። የተመረጠው በሌላ ቤት ባደረገው ነው፤ እዚህ ያለውን ልጅ ማን እንደሚቆጣ፣ ማን ሲነገረው እንደሚያኮርፍ፣ ማን በምስጋና እንደሚሠራ አያውቅም፤ ሊያውቅ የሚችልበት ጊዜም አላገኘም። ሬናር ሲመለስም ተአምር አልሠራም፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በኩዌቱ የገልፍ ዋንጫ በኦማን ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተሸነፈ፤ ለ2026 የዓለም ዋንጫ ያለፈውም በተጨማሪ ዙር፣ በኦክቶበር 2025 ጅዳ ላይ ከኢራቅ ጋር ያለ ጎል ወጥቶ ነው። ግን አለፈ።

የሳዑዲን ታሪክ ብታዩት ይህ አዲስ አይደለም። በ1998 ብራዚልን የዓለም ሻምፒዮን ያደረገውን ካርሎስ አልቤርቶ ፓሬራን ቀጥረው፣ ዓለም ዋንጫው ላይ ሁለት ጨዋታ ሲሸነፍ እዚያው አሰናበቱት። ለ2018 ያሳለፋቸውን ሆላንዳዊ ቫን ማርቪክን ካለፉ በኋላ ለቀቁት፣ አርጀንቲናዊው ባውሳ መጣ፣ ከሁለት ወር ብዙም ሳያልፈው ሄደ፣ ፒዚ ተተካ፤ በመክፈቻው ጨዋታ ሩሲያ 5 ለ 0 አሸነፈቻቸው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ እናቶቻችን።

በዚህ ሁሉ መሐል ልቤን የሚነካኝ አንድ ሰው አለ፤ ናስር አል ጆሃር። የአገሩ ልጅ ነው። በ2000 የእስያ ዋንጫ የመጀመሪያው ጨዋታ በጃፓን 4 ለ 1 ሲሸነፉ የውጭ አገሩ አሰልጣኝ ተባረረ፣ «ናስር፣ ና ያዘው» ተባለ፤ እስከ ፍጻሜ አደረሳቸው። ወደ 2002 የዓለም ዋንጫም ሌላ ሰው በተነሣበት ገብቶ አሳለፋቸው፤ እዚያ በጀርመን 8 ለ 0 ሲሸነፉ እሱም ተነሣ። በ2011 የእስያ ዋንጫ ፖርቱጋላዊው ፔሴሮ በአንድ ጨዋታ ሽንፈት ሲባረር አሁንም የተጠራው ናስር ነው፤ በዚያ ጊዜ አልሆነለትም። እሳት ሲነሳ ይጠራል፣ እሳቱ ሲጠፋ ቤቱ ለሌላ ይሰጣል። ሌላዋ ሠራተኛ ስትታመም ወይም ስትሄድ «ለጊዜው አንቺ ያዢው» የምትባሉ እህቶች ይህን ሰው ትረዱታላችሁ። ሳዑዲ የመጀመሪያውን የእስያ ዋንጫዋን በ1984 ያነሳችውም በአገሯ ልጅ፣ በኸሊል አል ዘያኒ ነው።

ባለቤቱን የሚያውቅ ሁልጊዜ ያሸንፋል ካልኩ ግን ውሸታም እሆናለሁ። ጎረቤት ኳታርን ተመልከቱ። ስፔናዊው ፌሊክስ ሳንቼዝ ዶሃ ባለው አስፓየር አካዳሚ ልጆቹን ከታች ጀምሮ ሲያሳድግ ኖሮ በ2019 የእስያን ዋንጫ አነሳ። ይህ ለእኔ ክርክር ይመቻል። በ2024 ደግሞ ማርኬዝ ሎፔዝ የሚባል ሌላ ስፔናዊ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ወር ሲቀረው ቡድኑን ተረክቦ ያንኑ ዋንጫ አነሳ። ይህ አይመቸኝም። ግን እሱም ቢሆን እዚያው ኳታር ክለብ ሲያሠለጥን ዓመታት የኖረ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው ልምጣ። ሳሎን ውስጥ ስለ አሰልጣኝ ሲወራ የአብርሃም መብራቱን ስም ማንም አያነሳም፤ እናንተ ግን ልታነሱት ትችላላችሁ። የመን በጦርነት ውስጥ ሆና፣ ሊጓ ቆሞ፣ በአገሯ ሜዳ መጫወት ሳትችል፣ ይህ ኢትዮጵያዊ አሰልጣኝ ቡድኗን ይዞ በማርች 2018 ዶሃ ላይ ኔፓልን 2 ለ 1 አሸንፎ ለእስያ ዋንጫ አሳለፋት። የተዋሐደችው የመን ከዚያ በፊት እዚያ ደርሳ አታውቅም። አብርሃም በዚያው ዓመት የኢትዮጵያን ቡድን ሊይዝ ወደ አገሩ ሄደ። በጃንዋሪ 2019 ኤምሬትስ ላይ ውድድሩ ሲጀመር የመንን የያዘው ከውጭ የመጣ አዲስ ሰው ነበር፤ ሦስቱንም ጨዋታ ያለ አንድ ጎል ተሸነፉ። እነኢራንና ኢራቅ የነበሩበት ምድብ ነውና አብርሃም ቢኖር ያሸንፉ ነበር አልልም። ሐበሻ እዚህ ምድር ላይ ለሥራ ሲመረጥ ለአንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ግን ይህን ታሪክ መንገር እወዳለሁ።

ስለ ቃላቱ ቃል ገብቼ ነበር። ማንቺኒ ሲሄድ የተባለው «ቢተራዲ» ነው፤ በስምምነት። አሰልጣኝ ሲሸነፍ ለምን ራሱ አይለቅም ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ኢስቲቃላ» እና «ኢቃላ» ስለሚለያዩ ነው። ኢስቲቃላ ራስህ ስትለቅ ነው፤ ኢቃላ ሲያሰናብቱህ። ራሱ ከለቀቀ ካሳውን ያጣል፤ ካሰናበቱት ውሉ ላይ የተጻፈውን፣ «ሸርጥ ጀዛኢ» የሚሉትን፣ ይከፍሉታል። ስለዚህ ጠበቃው ዝም በል ይለዋል፣ ፌዴሬሽኑም ያስባል፣ በመጨረሻ ጠረጴዛ ከበው ይስማማሉ። መራጩ በመጥፎ ምርጫው ይከፍላል ማለት ነው።

ለአንዲት እህት ለማስተርጎም ሄጄ ያየሁት ወረቀት ዛሬም ይታወሰኛል። ያልተከፈላት ደመወዝ ነበራት። አሠሪዋ «ለኢጃዛ ነው» ብላ ያስፈረመቻትን ወረቀት አወጣች፤ እረፍት ሄዳ የምትመለስ መስሏት ነበር። ሳነበው «ኢስቲቃላ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ሙኻለሳ» አለ፤ መብቴን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ የምጠይቀው የለኝም ማለት ነው። ጮክ ብዬ ስተረጉምላት ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ለአሰልጣኙ ከመፈረሙ በፊት የሚያነብለት አለ፤ ለእሷ እኔ የደረስኩት ከፈረመች በኋላ ነው። እባካችሁ እነዚህን አራት ቃላት፣ ኢስቲቃላ፣ ኢቃላ፣ ኢጃዛ፣ ሙኻለሳ፣ በድምፃቸው ያዟቸው። ወረቀት ሲቀርብላችሁ የትኛው እንዳለበት ጠይቁ፤ ከመፈረማችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለሚያነብላችሁ ሰው ላኩ።

ሪያድ የምትሠራ አንዲት የማውቃት እህት አለች፤ ኳስ ነፍሷ ነው። ማንቺኒ በለቀቀ ማግስት የቤቱ ሽማግሌ፣ ባባ ከቢር የምትላቸው፣ ሻይ ስታቀርብ ለቀልድ «አንቺስ ማንን ትመርጫለሽ?» አሏት። «ያ አርጀንቲናን ያሸነፈው፣ ምን አጥፍቶ ሄደ?» አለቻቸው። ሳቁ። በሁለተኛው ቀን ሬናር ተጠራ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ባለ ቁጥር ሽማግሌው ቆማ አስተያየቷን እንድትሰጥ ይጠሯታል፣ ልጆቻቸውንም ዝም ያሰኙላታል። በዚያው ኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን፣ 24 ሰዓት፣ እረፍት ይሰጣታል። እሱን ጉዳይ ከማዳም ጋር ገና እየተነጋገረችበት ነው።