ሲቪያችሁ ላይ የተረፈችው ‹ኤስ›

ሥራ ፍለጋ ላይ በነበርኩበት ሰሞን ሲቪዬን ለአንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ላክሁለት። «ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ አንዲት ‹ኤስ› ተርፋለች» ብሎ መለሰልኝ። የጻፍኩት «ኤ ትዌንቲ ፎር ይርስ ኦልድ ግራጁዌት» ብዬ ነበር። በዚያው ሲቪ ስንት ቦታ እንዳመለከትኩ ሳስብ ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማርኛችን «አምስት ዓመት ሠራሁ»ም ሲል፣ «የአምስት ዓመት ዕቅድ»ም ሲል «ዓመት»ን አይነካትም። እንግሊዝኛ ላይ ደግሞ «ከአንድ በላይ ከሆነ ኤስ ጨምሩ» ተባልን፤ እኛም የትም ቦታ ጨመርን። እንግሊዝኛ ግን ቦታ ያያል። ቃሉ ከስም ፊት ቆሞ ስሙን ከገለጸ ‹ኤስ› ይወድቅና ቃላቱ ሀይፈን በምትባለዋ ትንሽ ጭረት ይያያዛሉ፦ «ኤ ፋይቭ-ይር ፕላን»። ብቻውን ከሆነ ግን ‹ኤስ› ይመለሳል፤ ቁጥሩን ከ«ይርስ» ጋር የምታያይዘዋ ጭረትም ትቀራለች፦ «አይ አም ትዌንቲ-ፎር ይርስ ኦልድ»። ለሥራ ልምድ ደግሞ «ቱ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ» በሉ፤ አያሳስትም።

ጭረቷን አትናቋት። «ትዌንቲ ፋይቭ-ይር ሎንስ» ስትሉ እያንዳንዳቸው የአምስት ዓመት የሆኑ 20 ብድሮች ናቸው። ከ«ትዌንቲ» ቀጥሎ አንድ ጭረት ጨምሩ፤ የ25 ዓመት ብድሮች ሆኑ። ባንክ ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

ብቻችንን ግን አይደለንም። ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. የተያዘው የአገራችን የአስር ዓመት የልማት ዕቅድ የእንግሊዝኛ ርዕሱ «ቴን ይርስ ዴቨሎፕመንት ፕላን» ይላል፤ በደንቡ «ቴን-ይር» ነበር። ዕቅዱን በርዕሱ ምክንያት የሚጥለው የለም። የእኛን ሲቪ ግን የሚጥል አለ።

ለምን? ማይክል ስፔንስ የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳብራራው ቀጣሪ ከመቅጠሩ በፊት ችሎታችንን ማየት አይችልም፤ ስለዚህ በሚታየው ምልክት ይፈርዳል። እሱ ያወራው ስለ ትምህርት ማስረጃ ነው፤ ለእኔ ግን ሲቪ ላይ ያለ እንግሊዝኛም ያው ነው። ሰውየው ሁለት መቶ ማመልከቻ ፊቱ ተከምሮ አንዲት ስህተት ካየ «ግዴለሽ ነው» ብሎ ያልፋል።

ፍትሐዊ ነው? አይመስለኝም። እንግሊዝኛ የጭንቅላት መለኪያ አይደለም፤ ኤክሴል ላይ ተአምር የሚሠራ ልጅ በአንዲት ፊደል ሲወድቅ ያናድዳል። ቀጣሪዎች ይሄን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። እስኪያስቡበት ግን በነፃ የሚስተካከል ስህተት በእንጀራችን ላይ አይፍረድ። ዛሬ ማታ ስልካችሁ ላይ ያለውን ሲቪ ክፈቱና ቁጥር ያለበትን መስመር ሁሉ አንድ በአንድ እዩት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።