ሩጫውን አንደኛ መውጣት የጤና ወረቀት አይደለም



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች የምትልኩልኝ ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። «ልጄ 12ኛ ክፍል ጨርሷል። በመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ መኮንን መሆን ይፈልጋል። የአካል ብቃት ፈተና አለበት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውጤቱን ከፍ የሚያደርግለት ምን ይውሰድ?»

መግባት አለመግባቱ የእናንተና የልጃችሁ ውሳኔ ነው። በዚህ ጊዜ፣ በእኛ አካባቢ ቀላል ውሳኔ እንዳልሆነም አውቃለሁ። እኔ የምናገረው ስለ ሩጫውና ስለ ልጁ ልብ ብቻ ነው።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ለጤና ወረቀት መጡ። ልጁ ረጅም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ዓይን የሚሞላ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ተለማምዶ ሁሉንም ቀድሞ ይገባል። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ ሳደርግ ግን በልብ ምቱ መሀል መኖር የሌለበት የሹሽታ ድምፅ ሰማሁ። በልብ አልትራሳውንድ ሲታይ አንዱ የልቡ በር ተጎድቷል። ልጅ እያለ ጉሮሮውን ደጋግሞ ያመው ነበር፤ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱም አብጦ ያውቃል። ቤተሰቡ «እያደገ ስለሆነ ነው» ብሎ አልፎታል።

አባትየው ልጁን ወደ ውጭ አስወጥተው «ዶክተር፣ እባክህ ይህችን አትጻፍበት። ሩጫውን እኮ ሁሉንም ጥሎ ነው የሚገባው!» አሉኝ። ጻፍኩት። አኩርፈውኝ ሄዱ። ልጁ ዛሬ በየአራት ሳምንቱ መርፌውን እየወሰደ ሌላ ትምህርት ይማራል። የአባትየው ሰላምታ ግን እስካሁን ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ያባት አነጋገር ከአእምሮዬ አይጠፋም፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን እንደዚያው እናስባለን። የሮጠ ሁሉ ጤነኛ ይመስለናል። የሪውማቲክ የልብ በሽታ የሚጀምረው በልጅነት፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው። የልብን በሮች ቀስ እያለ ይጎዳል። ወጣት ልብ ደግሞ ጉልበት አለው፤ ጉዳቱን ለዓመታት እየሸፈነ ይሠራል። ልጁ ይሮጣል፣ ኳስ ይጫወታል፣ እንጨት ይሸከማል። አንድ ቀን ግን ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ልቡ ያቅተዋል። በአገራችን ይህ በሽታ ብርቅ አይደለም።

የሩጫ ሰዓት የሚለካው ልጁ ለወራት ምን ያህል እንደሠራ ነው። የልብ በሩን አያይም። ሌላውም አገር ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚያያቸው። ዘመዶቻችሁ አሜሪካ ካሉ ጠይቋቸው፦ ልጃቸው በሠራዊቱ ወጪ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ መኮንን ልሁን ብሎ ሲያመለክት የአንድ ደቂቃ ፑሽአፕ፣ የአንድ ደቂቃ ሲትአፕና የ1 ማይል (1.6 ኪሎ ሜትር) ሩጫ ውጤት ያስገባል፤ ይህ ነጥብ ከትምህርት ውጤቱና ከቃለ መጠይቁ ጋር አብሮ ይታያል። የሕክምና ምርመራው ግን ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው። ሩጫውን ያሸነፈ በምርመራው ሊወድቅ ይችላል።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ምርመራው ከሩጫው መቅደም አለበት። መልማዮቹ ቅደም ተከተሉን እንዴትም ያድርጉት፣ እናንተ ቤት ያለው ቅደም ተከተል ግን በእናንተ እጅ ነው። ልጁ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ልቡ ይደመጥ፣ የደም ግፊቱ ይለካ፣ የደም ማነስ ይታይ። በተለይ እየሮጠ ሳለ ራሱን ስቶ ወድቆ የሚያውቅ ከሆነ፣ ደረቱን የሚያመው ከሆነ፣ ከእኩዮቹ ቀድሞ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ሳይመረመር አይሩጥ። «ቡዳ ነው» ተብሎ የታለፈ ውድቀትም ቢሆን ንገሩን።

«በሁለት ሳምንት» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም። የልብና የሳንባ አቅም የሚገነባው ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚሆን ልምምድ ነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ መጀመሪያ እየተራመዱና እየሮጡ በማፈራረቅ፣ በየሳምንቱ በጥቂቱ እየጨመሩ። የመርሳና የሀብሩ ቆላ ልጆች በማለዳ ይሩጡ፤ ቀትር ላይ ያለው ሙቀት ብቻውን ሊጥል ይችላል። ፈተናው ደሴን በመሰለ ደጋ ከሆነ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ የቆላው ሰዓታቸው እዚያ እንደማይደገም ይወቁ። ከቻሉ ቀናት ቀደም ብለው ይሂዱ።

ተቻኩለው የሚመጡትንም አያለሁ። ሠርቶ የማያውቅ ልጅ በአንድ ቀን ሁለት መቶ ሦስት መቶ ፑሽአፕ ይሠራል። በማግስቱ ክንዱ አብጦ አልታጠፍ ይላል፣ ሽንቱ ኮካ ኮላ ይመስላል። ይህ ተራ የጡንቻ ሕመም አይደለም፤ የፈረሰው ጡንቻ ኩላሊትን እየደፈነ ነው። በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። እስኪደርስ ድረስ ዲክሎፌናክ እንዳትሰጡት፣ ኩላሊቱን ይብስ ይጎዳዋል።

ጫት ቅሞ መሮጥም ያው ነው። ድካሙን ይደብቅበታል እንጂ አቅም አይጨምርለትም፤ የልብ ምቱንና ግፊቱን ያንረዋል። ክብደት ጎደለኝ ብሎ ከመድኃኒት ቤት ዴክሳ የሚገዛም አለ። የሚጨምርለት በአብዛኛው ውኃና ስብ ነው፤ በምትኩ ጡንቻውን ያሳሳዋል፣ ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል። በድንገት ሲያቆመው ደግሞ ራሱን ችሎ መቆም ያቅተዋል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ ይሻለዋል።

ሴት ልጆቻችሁም ያመለክታሉ። ልፋቷ ሁሉ ሰዓቷን ካላሻሻለው «ሰነፈች» ከማለታችሁ በፊት ደሟን አስመርምሩላት። የወር አበባዋ ብዙ ከሆነ ወይም የአንጀት ትል ካለባት የደም ማነሱ ነው ወደ ኋላ የሚጎትታት፤ ታክማ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብትሮጥ ሌላ ሰው ትሆናለች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው የወባ ወቅት ታሞ የተነሣ ልጅም እንዲሁ ነው፤ ትኩሳቱ ስለለቀቀው ብቻ በሳምንቱ ወደ ሜዳ አይውጣ።

ለአባቶች አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውን እንድናስቀር አትለምኑን። የደበቅነው በሽታ ማሠልጠኛው ውስጥ፣ ቦርሳ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ይገለጣል፤ ያኔ እናንተም እኔም አጠገቡ አንሆንም።

ልጃችሁ ለመሮጥ እየተዘጋጀ ከሆነ ዕድሜውን፣ ከዚህ በፊት የታመመውንና አሁን የሚሰማውን ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ማታ ከሥራ ስወጣ እመልሳለሁ። ራሱን ስቶ የወደቀ ካለ ግን መልሴን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዱት።