ሳይዘሩ አጨዳ

ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ ይጁቤ ላይ፣ ማለዳ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡ ሕፃናትን ስመለከት አንድ ጥያቄ ያስጨንቀኛል፤ ከእነዚህ መካከል ሯጭ ቢኖር ማን ያየዋል?

ብዙዎቻችን የድላችንን ምሥጢር ለደጋው አየር እንሰጣለን። ደጋማ ጎጃምም አለው። በቆጂን በቆጂ ያደረጓት ግን የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ጭምር ናቸው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶን የነገሠችው ፋጡማ ሮባ፣ ኋላም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ገና በልጅነታቸው በእርሳቸው እጅ አልፈዋል።

በጀታችንና ጭብጨባችን ግን የሚፈሰው በሩጫው ማብቂያ ላይ ነው። ባለሜዳሊያዋን በአበባ እንቀበላለን፤ መጀመሪያ ያያትን መምህር እንረሳለን።

እንደ እኔ እምነት ይጁቤን ለመሰሉ ከተሞች መጀመሪያ የሚያሻው ስታዲየም ሳይሆን በአሰልጣኝነት የሠለጠነና ተገቢው ክፍያ የሚታሰብለት አንድ መምህር ነው። ታዳጊው ክለብ ሲገባም ላፈራው ትምህርት ቤት ድርሻ ይከፈል። የእግር ኳሱ ዓለም ለአሳዳጊ ክለቦች ካሳ መክፈልን ደንብ ካደረገ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አትሌቲክሳችንን ምን ያግደዋል?

ሳይዘራ አጨዳ የሚጠብቅ ገበሬ በጎጃም የለም። ሹሞቻችን ግን በየአራት ዓመቱ ይጠብቃሉ።